የወሰደ ይተካል

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር ሱቄ ገባና ክዳኑ ጥብቅ የሚል ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ጠየቀኝ። የምሸጠው ፕላስቲክ ነው፤ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የልጆች ፖፖ፣ የምሳ ዕቃ። አዲስ ካርቶን ቀደድኩለት። ያ ገና የሰው እጅ ያልነካው የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እጄ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"ውሃ አያስገባም አይደል?" አለኝ።

"ምን ልታስቀምጥበት ነው?"

"የምደብቀው ነው" አለና ራሱም አፈረ። "ማለቴ፣ ተማሪዎቼ በስልክ እየተመሩ የሚፈልጉት። ጨዋታ ነው። ለማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል።"

"ምንም አያስቸግርም" አልኩት። ሣጥኑን ውሃ ሞልቼ ከደንኩና ዘቅዝቄ አሳየሁት፤ ጠብ አላለም። "መቅበር ክልክል ነው። የወሰደ ይተካል። ያገኘ ስሙን ይጽፋል። ከእኛ ወዲህ ሌላ ሕግ ወጥቷል?"

ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባልዲ የምትሸጥ ሴት ይህን ከየት አመጣችው ብሎ ነው። አልፈርድበትም።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የክፍል ደረጃዬን ለማግኘት ከኋላ መቁጠር ይቀል ነበር። እናቴ የቅቤ ነጋዴ ናት፤ ከትምህርት ቤት መልስ ገበያ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሥራዬ ቅቤ መለየት ነው። ከገጠር የሚመጣው ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ላዩ ወርቅ ነው፤ መሀሉ ግን አንዳንዴ የተቀቀለ ድንች ነው፣ አንዳንዴም ሙዝ። እናቴ በስንጥር ወግታ ነበር የምታረጋግጠው። እኔ ሳልወጋ አውቀዋለሁ። የተነካካ ቅቤ ቅጠሉ ላይ እጥፋቱ ሁለት ይሆናል፤ አንዴ የታጠፈ ቅጠል እንደገና ሲታጠፍ የድሮው መስመር አይጠፋም። ይህ ፈተና ላይ ቢወጣ አንደኛ ነበርኩ። አይወጣም።

በዚያ ዓመት ከገና በኋላ ቲቸር ኤርሚያስ የሚባል መምህር ከዱራሜ ወደ እኛ ሆሳዕና ተዛውሮ መጣ። ሶሻል ያስተምራል። ቀጭን ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ ነው፣ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይወድም፤ በዚህ በዚህ እንመሳሰላለን። በሁለተኛው ሳምንት ከኪሱ ቢጫ መሣሪያ አወጣ። ከአሮጌ ሞባይል ወፈር ይላል።

"ጂፒኤስ ይባላል" አለን። "ወንድሜ መንገድ ቅየሳ ላይ ነው የሚሠራው፤ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጠኝ። ሰማይ ላይ ያሉ ሳተላይቶች የት እንዳለን ይነግሩታል።"

እኔ የተረዳሁት ሳተላይቶቹ ቁልቁል ያዩናል ብዬ ነው። በማግስቱ ከእናቴ ዕቃ ላይ ቅቤ ቆንጥሬ ፀጉሬን ለደፍኩና ፊቴን ቫዝሊን ተቀብቼ መጣሁ። መሣሪያው ሲበራ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ሲጠፋ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ። ሌላው ግራ የገባኝ ቁጥሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰባት እና ሠላሳ ሰባት ይላል። መናኸሪያ ወሰደን፤ ሰባት እና ሠላሳ ሰባት። ገበያ ወሰደን፤ እዚያም ሰባት እና ሠላሳ ሰባት። መንግሥት የዋጋ ተመን ያወጣ መሰለኝ።

"አንቺ ደግሞ!" አለኝ ታምራት። ታምራት የክፍላችን አንደኛ ነው፤ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞረውም እሱ ነው። "ልዩነቱ ከነጥቡ በኋላ ነው ያለው።"

ነጋዴ ከነጥብ በኋላ ያለውን አይንቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማየት ጀመርኩ።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ የሚባል ስም ነበረው፤ ምላሳችን ስላልታዘዘልን ሣጥን ፍለጋ አልነው። ቲቸር አንድ ትንሽ ሣጥን የሆነ ቦታ ይደብቅና ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እኛ በቡድን በቡድን ወጥተን እንፈልጋለን። ሣጥኑ ውስጥ ደብተርና እርሳስ አለ፤ ያገኘ ስሙን ይጽፋል። ትንንሽ ዕቃዎችም አሉ፤ የፈለገ ይወስዳል፣ በወሰደው ፋንታ ግን ይተካል።

"መሣሪያው እስከ አሥር እርምጃ ያደርሳችኋል" አለ ቲቸር። "ከዚያ በኋላ ዓይን ነው።"

ይህን ስሰማ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬን አቀናሁ።

በመጀመሪያው ፍለጋ ሣጥኑ ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ጀርባ ነበር። ታምራት ዓይኑን ከመሣሪያው ቀስት ሳይነቅል ሄዶ ሄዶ ግድግዳ ገጨ። ሌሎቹ ሣር ውስጥ ይንበረከካሉ። እኔ ድንጋዮቹን አየሁ። አንዱ ድንጋይ እርጥብ ጎኑ ወደ ፀሐይ ነበር። ድንጋይ ደግሞ በራሱ አይገላበጥም። አነሳሁት። ክዳኑን ስከፍተው ያ ሽታ ወጣ፤ አዲስ ፕላስቲክ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ አዲስ ደብተር። ደብተሩ ላይ ከታምራት ቀድሜ ስሜን ጻፍኩ፤ ምህረት። ስለቸኮልኩ "ም" እንደ ዶሮ እግር ወጣች። ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስሜ ከታምራት ስም በላይ ተጽፎ አያውቅም ነበር።

ስለ መተካቱ ጉዳይ ግን እውነቱን ልናገር። ቲቸር "የምትተኩት ከወሰዳችሁት እኩል ወይም የበለጠ ይሁን" ብሎ ነበር። እኔ እኩል መሆኑን የሚወስነው ተኪው ነው ብዬ ተረዳሁት። ያለ ባለሱቅ የቆመ ሱቅ ነው ያገኘሁት። አዝራር አስገብቼ እስኪሪፕቶ ወሰድኩ። በሚቀጥለው ፍለጋ አዝራር አስገብቼ መስታወት ወሰድኩ። ከወር በኋላ ኪሴ ውስጥ ቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ መብራት ነበረች፤ ሲጫኗት ሰማያዊ ብርሃን ትተፋለች፤ በትምህርት ቤቱ ሁሉ አንድ እሷ ብቻ። ሣጥኑ ውስጥ አዝራር በዛ። አንዳንድ ልጆች ቲቸር ልብስ ሰፊ ነው ወይ ማለት ጀመሩ።

የካቲት ላይ ቲቸር ሣጥኑን ራቅ አድርጎ ከከተማው ጠርዝ ደበቀው፤ አባባ ሀንዲሶ ከሚባሉ ሽማግሌ አጥር ጥግ፣ ከውጭ በኩል። አባባ ሀንዲሶን የማያውቅ የለም። በእኛ ሠፈር ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚሄደው ፖሊስ ጋ ሳይሆን እሳቸው ደጅ ነው። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ሰምተው ይፈርዳሉ፤ የፈረዱት ላይ ይግባኝ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ሦስት ቀን በተከታታይ ሦስት ቡድን እዚያ ሄደ፤ ታምራት ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ሌላው እርምጃ ይቆጥራል። በአራተኛው ቀን ሣጥኑ የለም። ደብተሩ፣ የሁላችንም ስም፣ የእኔም አንደኛነት አብሮ የለም።

ምክንያቱን ገበያ ላይ ሰማሁት። እናቴ ዘንድ ቅቤ የምታመጣ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"መሬት ተለካ አሉ" አለቻት። "ማዘጋጃ ቤት ሰው እንዳይጠረጥር ልጆች ልኮ ነው ያስለካው። ቢጫ መሣሪያ ይዘው ሦስት ቀን ተመላለሱ። አንዷማ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ፊቷን አብርታ ነው የመጣችው። ፎቶ ልታስነሳን ነው መሰል።"

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ፀጉሬን አየችው። እኔ ቅቤ ወደመለየቱ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ከተማው እየሰፋ ነበር። ቁጥር የሚያነብ ሰው ከመጣ ችካል ይመጣል፤ ችካል ከመጣ ግሬደር ይመጣል። ግሬደር ሲመጣ ደግሞ ካሳ የሚታሰበው መሬቱ ላይ በቆመው ነገር ነው። ስለዚህ ሠፈሩ በሙሉ ችግኝ መትከል ጀመረ። በየካቲት! ዝናብ በሌለበት፣ አፈሩ እንደ ምጣድ በሚግልበት ወር፣ ሰው በየአጥሩ ሥር ባህር ዛፍ በመስመር ተከለ። ችግኝ ያጣ ቅርንጫፍ ቆርጦ ተከለ። አንዱ የበግ ጋጣውን "ሁለተኛ ቤት" ብሎ በር ገጠመለት። በአምስት ቀን ውስጥ ሁሉም ጠወለገ፤ ሁሉም ግን በመስመሩ እንደ ወታደር ቆሟል።

የሠፈሩ ሽማግሌዎች ለአቤቱታ ማዘጋጃ ቤት ሊሄዱ መሆኑን ርዕሰ መምህሩ ሰማ። ቲቸር ኤርሚያስን በሰልፍ ሰዓት ከፊታችን ጠርቶ፣

"የዱራሜ ልጆች ቅዳሜ ለውድድር ይመጣሉ ብለኸኛል" አለው።

"አዎ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። እነሱ ሣጥኑን ካገኙት ደብተሩ ላይ ይፈርማሉ፣ እኛ ካገኘነው..."

"የትኛው ሣጥን? የትኛው ደብተር? ቅዳሜ ሣጥኑ ከነደብተሩ እዚህ ካልተገኘና ሕዝቡ ካልተረጋጋ መሣሪያው ወደ ወንድምህ ይመለሳል። በዚህ ያበቃል።"

ታምራት ቢያበቃም ሒሳብ አለለት፣ እንግሊዝኛ አለለት። እኔ ሌላ አንደኛ የምወጣበት ነገር አልነበረኝም። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ቀርቶኛል።

ቲቸር በዚያው ቀን አባባ ሀንዲሶ ቤት ሄደ፤ ያውም መሣሪያውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ። ሲመለስ ጠየቅነው።

"አስቀመጡኝ። ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። ጸለዩልኝ።"

"ሣጥኑስ?"

"ስለ ሣጥኑ በጠየቅኩ ቁጥር 'ብላ' ይሉኛል።"

አባባ ሀንዲሶ አይዋሹም። አላየሁም ብለው አልዋሹም፤ ብላ ነው ያሉት። እሳቸው ጋ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ረቡዕ እናቴ ከአባባ ሀንዲሶ ሚስት ቅቤ እንዳመጣ ላከችኝ። ሴትየዋ እስክትጠቀልልልኝ ጓሮ ቆምኩ። እዚያ የቆጮ ጉድጓዳቸው አለ። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይቀበራል፤ ላዩ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ ድንጋይ ይጫንበታል። የሰው ጉድጓድ መንካት ማጀት ገብቶ ድስት ከመክፈት ይብሳል፤ ለዚህ ነው ማንም እዚያ የማይፈልገው። እኔም አልነካሁም። አየሁ ብቻ። አንዱ ጥግ ላይ ቅጠሉ ሁለት እጥፋት ነበረው። ቆጮ ሊያወጣ የከፈተ ሰው ሙሉውን ይገልጣል። ይህ ግን አንድ እጅ በሚያስገባ ልክ ብቻ ተገልጦ ተመልሷል። ድንች ያለበት ቅቤ ማለት ነው።

ማወቁ ቀላል ነበር። ለቲቸር ብነግረው ሄዶ ሌላ ቆጮ ይበላል። ራሴ ባወጣው ሌባ ነኝ፤ እናቴም ከዚያ ሠፈር ሁለተኛ ቅቤ አትገዛም። ሣጥኑን ማውጣት ያለባቸው ራሳቸው ናቸው። ቅቤውን ብብቴ ውስጥ ይዤ ወደ ፊት ለፊት ዞርኩ። አባባ ሀንዲሶ በርጩማቸው ላይ ነበሩ።

"ተቀመጪ ልጄ" አሉኝ።

ጉዳይ ያለው ሰው ተቀመጥ ሲባል ወዲያው እንደማይቀመጥ ትልልቆቹን አይቼ ነበር። ቆምኩ።

"አባባ፣ ዳኝነት ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ማን በደለሽ?"

"ስሙን ኋላ ልንገርዎ።"

"ከሳሽ የተከሳሽ ስም ሲደብቅ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። ፊታቸው ግን አልሳቀም። "በይ ተናገሪ።"

"ልጆች አንድ ዕቃ አለን። የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ሕግ አለው። ያገኘው ሰው ይከፍተዋል፣ የፈለገውን ይወስዳል፤ በወሰደው ፋንታ እኩል ወይም የበለጠ ይተካል፤ ስሙን ይጽፋል፤ ከነበረበት ይመልሰዋል። አንድ ሰው ግን ዕቃውን ከነመላው ወሰደው። አልተካም። ስሙንም አልጻፈም።"

"ሰውየው ሕጉን ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ያላወቀ አይቀጣም።"

"እኔም ይቀጣ አላልኩም አባባ። ግን አሁን አወቀ።"

ከቤት ውስጥ ሚስታቸው ዕቃ ስታስቀምጥ የነበረው ድምፅ ቆመ።

"አንቺ የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ ነሽ አይደል?" አሉ አባባ ሀንዲሶ።

"አዎ።"

"ያስታውቃል።" አገጫቸውን አሹ። "ሰውየው ለምን እንደወሰደው ጠይቀሽዋል? አልጠየቅሽም። እኔ ልንገርሽ። አባቱ ያወረሱት መሬት ላይ ሰዎች ቁጥር እያነበቡ ሲዞሩ አየ። ወንድሙ መሬት ላይም እንዲህ ነበር የተጀመረው። ሰውየው ችካሉን ቀድሞ ነቀለ። ሌባ ነው?"

"አይደለም። ግን አባባ፣ የእኛ መሣሪያ መሬት አይወስድም። የሚበላው ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው።"

"ነገ አምጪውና ልየው።" ልሄድ ስል እጃቸውን አነሱ። "ቆይ። ከሳሽም ይጠየቃል። አንቺስ? ከዚያ ሣጥን የወሰድሽውን ሁሉ እኩል ተክተሻል?"

ሣጥን ብዬ አልነበረም፤ ዕቃ ነበር ያልኩት። አባባ ሀንዲሶ በዚህች ቃል አመኑልኝ። እኔ ግን ለመደሰት ጊዜ አላገኘሁም፤ እጄ ኪሴ ውስጥ መብራቷን ጨብጦ ነበር።

"አዝራር ተክቻለሁ" አልኩ።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"የሚበልጥ ነገር ወስደሽ?"

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዲያው ነገ ሁለታችንም እንመልሳለን" አሉ። "ፍርዱ ይኸው ነው።"

ሐሙስ መሣሪያውን ከቲቸር ተቀብዬ ሄድኩ። አባባ ሀንዲሶ ተቀብለውኝ እንደ እንቁላል ያዙት። ከአጥር አጥር ተራመዱ። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ትንሽ ትንሽ ይቀያየራሉ፤ የቀሩት እንዳሉ ናቸው።

"ይህን ቁጥር ጠላቴ ቢያውቅ ምን ያደርገኛል?"

"ሊጠይቅዎት ይመጣል።"

ያኔ ነው የሳቁት። ቁጥር የሚያስቀምጠውን ቁልፍ አሳየኋቸው፤ አንዴ ተጫኑት፣ ሁለቴ ተጫኑት፣ ሦስተኛውን ደስ ስላላቸው ብቻ ተጫኑት። ከዚያ መሣሪያውን መለሱልኝና ራሳቸው ጓሮ ሄደው ሣጥኑን ይዘው መጡ። ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ደብተሩን ገለጡና ስማችንን አንድ በአንድ አነበቡ።

"ይህ የዘበርጋ ልጅ አይደለም? ይህቺ ደግሞ የአበበች ናት። እኔኮ የቀያሽ ዝርዝር መስሎኝ ነበር።"

መብራቷን፣ መስታወቱን፣ እስኪሪፕቶውን ከኪሴ እያወጣሁ ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁ። አዝራሮቼን መልሰው ሰጡኝ። መብራቷን ከማስገባቴ በፊት አንዴ ተጫንኳት። በንግድ ሕይወቴ የመጀመሪያው ኪሳራ ያ ነው፤ ዳኛ ባለበት መክሰር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

"ቅዳሜ የምደብቀው እኔ ነኝ" አሉ ክዳኑን ገጥመው። "መሣሪያውን ጠዋት ላኩልኝ፤ ቁልፉን እኔው እጫናለሁ።"

"መቅበር ክልክል ነው፣ አባባ።"

"ማን ይቀብራል?"

አርብ ማታ አባባ ሀንዲሶ በጸሎት ቤት ደጅ ለጎረቤቶቻቸው፣ ልጆቹ እየተጫወቱ ነው፣ መሬት የለካ የለም፣ አሉ። እሳቸው ካሉ አለቀ። ሠፈሩ ተነፈሰ፤ በችግኙም አፈረ። የደረቀውን ለመንቀል ግን ማንም የቀደመ የለም፤ መጀመሪያ የነቀለ ሰው ለምን እንደተከለ ይጠየቃላ።

ቅዳሜ የዱራሜ ልጆች መናኸሪያ ከሚኒባስ ወረዱ። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገዋል። የራሳቸው መሣሪያም ይዘዋል፤ አዲስ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጥላውን ይዞ መጣ። የሠፈሩ ሰው ከየቤቱ ወንበር አወጣ። አባባ ሀንዲሶ መሣሪያውን ለቲቸር አስረከቡና መሬታቸው ጠርዝ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ሁለቱም ቡድን ቁጥሩን ያዘና ተንጋጋ። ቀስቱ ሁሉንም እዚያው አጥሩ ሥር አደረሰ፤ ከዚያ መዞር ጀመረ። አጥር ተፈተሸ። ድንጋይ ተገለበጠ። የእንሰቱ ቅጠል ሥር ሁሉ ታየ። ታምራት ቀስቱን ተከትሎ አንድ ቦታ ሰባቴ ዞረ። ፀሐዩ ይጠብሳል። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ከዚያም በላይ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየና ቲቸርን ቀና ብሎ ተመለከተው። ቲቸር ላቡን እንኳ አይጠርግም ነበር።

አንዲት የዱራሜ ልጅ አጠገቤ ቆማ፣

"የሆሳዕና ልጆች ቅቤ እንጂ ሣጥን አያውቁም አሉን" አለችኝ።

"ቅቤ የሚያውቅ ሌላው አይጠፋውም" አልኳት።

ከቀስቱ ወጥቼ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። እሩቅ ሆኜ እንደ ገበያ አየሁት። የቅቤ መደብ ሲታይ እንዲህ ነው፤ አንድ አንዱን ሳይሆን ሁሉንም ባንድ ላይ ነው የሚያዩት፣ የተለየው ራሱ ይመጣል። አጥሩ ሥር የባህር ዛፍ ችግኞቹ በመስመር ቆመዋል። ሁሉም ደርቀዋል፣ ቅጠላቸው ቡናማ ሆኗል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ካንዱ በቀር። ከመጨረሻው ሦስተኛው አረንጓዴ ነው፤ ቀጥ ብሏል፤ ገና ዛሬ የተተከለ ይመስላል።

ገና ዛሬ የተተከለ።

ሮጥኩ ማለት እፈልጋለሁ፤ አልሮጥኩም። ነጋዴ የሚፈልገውን ዕቃ ሲያይ አይሮጥም፤ ዋጋው ይጨምራል። የዱራሜዋን ልጅ አልፌ፣ ታምራትን አልፌ፣ አባባ ሀንዲሶ ፊት ቆምኩ።

"አባባ፣ ችግኝዎትን ልንቀል?"

ሁሉም ዞረ።

"ተሳስተሽ ከሆነ?"

"እተካለሁ።"

"በይ።"

ባንድ እጄ ሳብኩት። አፈሩ ልል ነበር። ከሥሩ በቃጫ የታሰረ ሣጥን አብሮ ወጣ።

የሠፈሩ ሰው ጮኸ። ታምራት፣ ያ ከእኔ በታች ስሙ በመጻፉ ለሁለት ሳምንት ያኮረፈው ታምራት፣ "የእኛ ናት! የእኛ ናት!" እያለ ዘለለ። ቲቸር ግን ሕግ አክባሪ ነውና ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባባ፣ መቅበር ክልክል ነው ብለን ነበር።"

"አልቀበርኩም" አሉ። "ተከልኩ። ሠፈሩ ሁሉ ሲተክል እኔ ብቻ ልቅር?"

የበግ ጋጣ ላይ በር የገጠመው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። መብራቷ አለች፣ መስታወቱ አለ። መሀል ላይ በቃጫ ታፍኖ አንድ ነገር ተጠቅልሏል። ፈታሁት። የላም ቃጭል ነው፤ አሮጌ፣ ከባድ፣ አፉ በአገልግሎት የተበላ። ወደ ላይ አንስቼ ነቀነቅኩት። ድምፁ ከአጥሩ አልፎ፣ ከሠፈሩ አልፎ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄደ። እንደገና ነቀነቅኩት። ሦስተኛውን ደስ ስላለኝ ብቻ ነው።

"የመሪዋ ላሜ ነበር" አሉ አባባ ሀንዲሶ። "አሁን የእናንተ ነው። ያገኘ ይውሰደው። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ የወሰደ ከቃጭሉ የሚበልጥ ይተካል።"

"ከቃጭል የሚበልጠው ምንድን ነው?" አለች የዱራሜዋ ልጅ።

"ላሟ ነቻ።"

ስለዚህ ያን ቃጭል የወሰደ የለም። ሣጥኑ በተደበቀበት ሁሉ አብሮ ይሄድ ነበር። የዱራሜ ልጆች በየተራ ነቀነቁት፤ ልጅቷ ኮፍያዋን አውልቃ ጭንቅላቴ ላይ አደረገችና "ስለ ቅቤው ይቅርታ" አለችኝ። ርዕሰ መምህሩ ጥላውን አጥፎ ወደ ቲቸር ቀረበ። ሊቆጣ መሰለን።

"ከሰኞ ጀምሮ" አለ፣ "ባትሪ ድንጋዩን ትምህርት ቤቱ ይገዛል።" ከዚያ ድምፁን ቀንሶ፣ "የሚቀጥለውን እኔ ብደብቀው ይፈቀዳል?" አለው።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል።

"ምን ሆንሽ? ምን አገኘሽ?"

"ሣጥን አገኘሁ።"

"ምን ወሰድሽ ከውስጡ?"

"ምንም።"

ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች። ትኩሳት እንደሌለኝ ስታረጋግጥ ደግሞ አየችኝ፤ አሁን በሌላ ዓይን ነው። "ምንም?" አለች ለአባባ ሀንዲሶ፣ እኔ ምስክር የማልሆን ይመስል። እሳቸውም "ምንም" ብለው መሰከሩልኝ።

ደብተሩን የገለጥኩት ከሁሉም በኋላ ነው። ከእኛ ስሞች ሥር፣ እርሳሱ እስኪሰበር ተጭነው፣ በትልልቅ ፊደል የጻፉት ነበር። መሠረተ ትምህርት የተማሩ ሰው አጻጻፍ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቤት አለው።

ሀንዲሶ። ወሰድኩ። ተካሁ።

እርሳሱን ቀርጬ ከሥሩ ጻፍኩ፤ አልቸኮልኩም፣ "ም"ም የዶሮ እግር አልሆነችም።

ምህረት። አገኘሁ። አልወሰድኩም።